ልጄን ያቀፏት ልጆች

የነጠላ ጫፍ እየቋጨሁ ነበር ጎረቤቴ ስልኳን ይዛ መጥታ አጠገቤ ቁጢጥ ያለችው። እሷ ስልክ ይዛ ስትመጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቅ ነገር ልታሳየኝ ነው፤ ድመት ስትደንስ፣ ሙሽራ ከደረጃ ላይ ስትንሸራተት። ስለዚህ ክሩን ከእጄ ሳልለቅ አንገቴን ብቻ ወደ እሷ አዘነበልኩ።

«ይቺ ያንቺ ልጅ አይደለችም?» አለችኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ልጄ ነች። ቢጫ ማለያ ለብሳለች፤ ቁምጣዋ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ኳሷን መታች፣ ገባች። ከዚያ እጇን ዘርግታ ሮጠች፤ ጓደኞቿም ተከተሏት። ቀድማ የደረሰችባት አምበላቸው ነች፣ ፀጉሯን እንደ ወንድ አሳጥራ የምትቆረጠው። ልጄ ዘላ ተንጠለጠለችባት፣ እግሮቿን በወገቧ ዙሪያ ቆለፈች። አምበሏ አንገቷ ሥር ሳመቻት፣ ደገመቻት። ሌሎቹ ደርሰው ከላያቸው ተከመሩ። ቪዲዮው እዚያ ላይ ይቆምና እንደገና ከመዝለሉ ይጀምራል። እንደገና ትዘላለች፣ እንደገና ትሳማለች። ያዘጋጀው ሰው መሳሟን ቀስ ብሎ እንዲሄድ አድርጎታል፤ የፍቅር ዘፈንም አስገብቶበታል።

እኔ ፈገግ ያልኩ ይመስለኛል። ጎል አግብታለች እኮ።

«ከታች የተጻፈውን አንብቢው» አለችኝ።

የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። ጽሑፍ ሳነብ እንደ ምስር ነው፤ አንድ በአንድ እለቅማለሁ። ጎረቤቴ ይህን ታውቃለች፣ ግን አላገዘችኝም፤ በአፏ ልትለው አልፈለገችም። ለቅሜ ስጨርስ ቃሉ በመጽሐፍ ቅዱስ እሳት የዘነበባት ከተማ ስም ሆኖ አገኘሁት። ሴት ከሴት ጋር ይሄዳሉ ነው ነገሩ። ከሥሩ ደግሞ ሰው ያንን ተከትሎ የጻፈው ማለቂያ የለውም። አንዱን ብቻ ለቀምኩ። «ሰፈራቸውን እናውቀዋለን» ይላል።

ያን ጊዜ ነው አደጋው የገባኝ። ስድቡ አይደለም። ስድብ ዛሬ ይሰደባል፣ ነገ ይረሳል። ያስፈራኝ ያ «ሰፈራቸውን» ያለው ነው።

«ማን ማን አይቶታል?»

«እኔ እንጃ። ለእኔ የላከችልኝ ዳቦ ቤት ያለችው ልጅ ነች። ለእሷ ማን እንደላከላት አልጠየቅኋትም።» ስልኩን በቀሚሷ ጠረገችው፣ የቆሸሸ ይመስል። «ወንዶች ቢሆኑ እኮ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም። ለማንኛውም አባቷ ሳይሰማ አንድ ነገር አድርጊ።»

ቤታችን ሽሮ ሜዳ ነው፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ። በአንድ ግቢ ሰባት ቤተሰብ እንኖራለን፤ ሁላችንም ማለት ይቻላል ከጋሞ ደጋ የመጣን ሸማኔዎች ነን። ወንዶቹ ይሸምናሉ፣ እኛ እንፈትላለን፣ እንቋጫለን፣ ገበያ ይዘን እንወጣለን። ባለቤቴና ታላቅ ወንድሙ በአንዲት ጠባብ ክፍል ጎን ለጎን ነው የሚሸምኑት፤ አንዱ መወርወሪያውን ሲወረውር ክንዱ የሌላውን ክንድ ይነካል። እንደዚያ ሆነው ሃያ ምናምን ዓመት ኖረዋል። ልጅ አንዲት ብቻ ነች ያለችን። ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ውጤት አልመጣላትም፤ ኳስ ግን ከትንሽነቷ ጀምሮ ይመጣላታል። ከቁስቋም በታች ያለች ሜዳ ላይ አንድ ጡረታ የወጣ ሰውዬ ሴት ልጆችን ሰብስቦ ያሰለጥናል። እዚያ ነው የምትውለው።

ሲጀመር አልከለከልኳትም። ያልፍላታል ብዬ ነው። ማታ ማታ ስትመጣ ባቷ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ ቫዝሊን ይዤ አሽላታለሁ። ትጮኻለች፣ ትስቃለች። ሌላ ነገር አስቤበት አላውቅም።

ደግሞስ ምን ብዬ አስባለሁ? በእኛ ልጅነት ሁለት ሴት ልጆች በአንድ ቡልኮ ሥር ተቃቅፈው ነው የሚያድሩት፤ ብርዱ መቼ ለብቻ ያስተኛል። ገበያ ስንወርድ እጅ ለእጅ ተያይዘን ነው። አንዷ የሌላዋ ጭን ላይ ተኝታ ፀጉሯን ትሠራታለች። ማንም ስም አላወጣለትም። አሁንም ቢሆን ሁለት ሴቶች ነጠላ ለብሰው ተቃቅፈው ቢሄዱ ሰው ምን ይላል? ምንም። ቁምጣ ለብሰው ሲሆን ነው ነገሩ የሚለወጠው። ይሄንን ያሰብኩት ግን ኋላ ነው። ያን ቀን ያሰብኩት በሩን መዝጋት ብቻ ነበር።

ከልምምድ ስትመጣ ቁጭ ብዬ ጠበቅኋት።

«ማን ነች እሷ?» አልኳት።

«የቷ?»

«ፀጉሯን የተቆረጠችው።»

«አምበላችን ነቻ። ታውቂያት የለ እንዴ፣ ያኔ እግሬን ወለም ሲለኝ አዝላ ያመጣችኝ።»

«ለአንቺ ምንሽ ነች ነው የምልሽ።»

ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠችው። ቪዲዮውን ከእኔ ሦስት ቀን ቀድማ አይታው ኖሯል።

«ጎል አገባሁ እማ። ጎል ሲገባ እንደዚያ ነው የሚደረገው።»

«አንገት ይሳማል?»

«አንገትም ይሳማል፣ ማጅራትም ይመታል። በረኛችን ደግሞ በጣም ደስ ሲላት ትነክሳለች።»

መሳቅ አልፈለግኩም። «በሌላ ጊዜስ?» አልኩ።

«በሌላ ጊዜ ምን?»

ልጨርሰው አልቻልኩም። እናት ልጇን እንደዚያ ያለ ነገር በምን አፏ ትጠይቃለች? እሷ ግን ጠበቀችኝ፤ እንደማልጨርሰው ስታውቅ ነው የተናገረችው።

«እዚያ ሲያቅፉኝ ሰው ያለኝ ይመስለኛል። እዚህ ቤት ማን አቅፎኝ ያውቃል? አባዬ ካደግኩ ወዲህ እጄን እንኳ ነክቶኝ አያውቅም፤ ሰላም ሲለኝ በአገጩ ነው። አንቺ ባቴን ታሺኛለሽ፣ እሱም ሲያመኝ ነው።»

እጄን አንስቼ ነበር። ልመታት ይሁን ሌላ አሁን ድረስ አላውቀውም። መልሼ አወረድኩትና «ከነገ ጀምሮ ኳስ የለም» አልኳት። ታኬታዋን ወስጄ ጥጥ የሞላው ጆንያ ውስጥ ቀበርኩት። በማግስቱ ፀጉሯን ሹሩባ ሠራኋት፣ ረጅም ቀሚስ አስለበስኳት፣ እንዝርት ሰጥቼ በር ላይ አስቀመጥኳት፤ ሰው ይያት ብዬ። ፈትል አትችልም። ክሩ እየተበጠሰ ጥጡን ሁሉ አበላሸችው።

ስህተቴ ይሄ ነበር። በእኛ ግቢ የደረሰች ልጅ ቀን ቀን ቤት የምትገኘው ወይ ስትታመም ነው፣ ወይ አንድ ነገር ሲደርስባት። ኳስ ስትጫወት የማያውቋት ሁሉ ኳስ ስትተው አወቋት። ቧንቧ ላይ ጀሪካኔን ደቅኜ ስቆም ወሬው ይቆማል፤ ሞልቼ ስሄድ ይቀጥላል። አንዷ አርግዛ ነው ብላለች። ሌላዋ «ራሷ ጥፋቷን አምና ነው የተወችው» አለች፣ እየሰማኋት። «ንጹሕ ብትሆን ለምን ትደበቃለች?»

ስትወጣ ይመቷታል፤ ስትቀመጥ ፈረዱባት። በየት በኩል ነው መውጫው?

በዚያ ሳምንት አንድ የእድራችን አባል ሞቶ ለቅሶ ሄድኩ። የእኛ ሴቶች ለቅሶ ላይ እንዴት እንደምንቀመጥ ሰው ያውቃል። ድንኳኑ ይጠባል፣ አንዷ የሌላዋ ጉልበት ላይ ትሆናለች፣ ስናለቅስ ወገብ ለወገብ ተያይዘን ነው፣ ጉንጫችን እስኪረጥብ ነው የምንሳሳመው። እኔ ገብቼ ስቀመጥ ግን ምንጣፉ ላይ ቦታ ሰፋ። በግራም በቀኝም። ለቅሶ ቤት ሰፋ ያለ ቦታ አግኝቼ አላውቅም ነበር። ደረቴን እየደቃሁ አለቀስኩ፤ ሟቹን እንኳ በደንብ አላውቀውም።

አሰልጣኙ አንድ ቀን መጣ። የግቢው በር ላይ ቆመ እንጂ አልገባም፤ ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ያዘ።

«እናቴ፣ ላስገድድዎት አይደለም የመጣሁት» አለኝ። «እኔ ራሴ ወንድ ስለሆንኩ ስንት ዓመት ተጠንቅቄ ነው። አንዷ ጡንቻዋ ሲሸመቀቅ አልነካትም፤ እርስ በርሳችሁ ተሻሹ ነው የምላቸው፣ ሰው ክፉ እንዳያወራ። አሁን ደግሞ እነሱም እንዳይነካኩ ልበላቸው? ሳይነካኩ ኳስ የለም እኮ።»

«እኔ ኳስ አላውቅም» አልኩት።

«ገብቶኛል። እሁድ ግጥሚያ አለን። ለመናገር ያህል ነው።» ባርኔጣውን አጥልቆ ሄደ። ጎረቤቶቼ ከየመስኮቱ እያዩ ነበር። ይሄም አንድ ወሬ ሆነ።

አርብ ዕለት የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ቪዲዮውን አየው። ማን እንዳሳየው አልተናገረም። ሥራውን አቋርጦ ከሽመና ጉድጓዱ ወጣና እኔ ያለሁበት ድረስ መጣ።

«ሰኞ አገር ቤት እወስዳታለሁ» አለኝ። «እናታችን ጋ ትቀመጥ። ሚስቱ የሞተችበት ሰው አለ፣ ጨዋ ነው፣ የተሰማውን ሳይሰማ ያገባታል።»

«ጋሼ፣ ልጅቷን መጀመሪያ ይጠይቋት።»

«ምኗን ልጠይቃት? አንቺ ጠይቀሽ ምን አለችሽ?»

ወደ ባለቤቴ ዞርኩ። እሱ ጉድጓዱ ውስጥ እንደተቀመጠ ነበር። መወርወሪያውን ወረወረ፣ ተቀበለ፣ ወረወረ። እንደዚያ ሲያደርግ ላናግረው አልችልም፤ ድምፁ ራሱ መልስ ነው፣ ተይኝ የሚል። እኔ ደግሞ በዚያች ሰዓት ትዝ ያለኝ ሌላ ነገር ነበር። አንድ ቅዳሜ ኳስ ከሚያዩበት ቤት ልጠራው ሄጄ በር ላይ ቆሜ አይቻቸዋለሁ። ጎል ገባ። ባለቤቴ የማያውቀውን ሰውዬ ተጠመጠመበት። ይሄ ሰኞ እወስዳታለሁ የሚለው ወንድሙ የአንድ ላብ የጠመቀው ጎረምሳ ግንባር ይስማል፣ ደግሞ ይስማል፣ ጎረምሳውን ከመሬት አንስቶታል። እንግሊዝ አገር ለገባ ጎል። ማንም አልሳቀባቸውም።

ይህን ልለው ይገባ ነበር። አላልኩም። ፈሪ ነኝ፤ ከተወለድኩ ጀምሮ ፈሪ ነኝ። «እሺ» አልኩት።

እሁድ ጠዋት ከቅዳሴ ስመለስ ቤቱ ባዶ ነው። የጥጡ ጆንያ ተገልብጧል፣ ወለሉ በረዶ የጣለበት መስሏል። ታኬታው የለም።

ነጠላዬን እንዳደገደግኩ ወደ ሜዳው ወረድኩ። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው፤ መንገዱ ያዳልጣል። ስደርስ ጨዋታው ተጀምሯል። ልጄን ይዤ ልመለስ ነበር የሄድኩት፣ ግን ዳኛው መሐል አለ፣ ሃያ ሁለት ሰው ይሯሯጣል፣ የት ገብቼ ነው የምይዛት? ጠርዙ ላይ ቆምኩ። እንደዚህ ሆኜ ነው በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጄ ስትጫወት ያየኋት።

የሠራሁላትን ሹሩባ በላስቲክ ጠፍራዋለች። እንዴት እንደምትሮጥ አላውቅም ነበር። የሌላው ቡድን ተከላካይ፣ ወፍራም ልጅ፣ በክርኗ ትመታታለች፣ በዳሌዋ ትገፋታለች፤ እሷም መልሳ ትገፋለች፣ ሁለቱም ይወድቁና አንዷ ሌላዋን እጇን ይዛ ታነሳታለች። እኔ ቤት ሳህን እጠቢ ስላት የምትነጫነጭ ልጅ ነች። ከዚያ በድንገት ቆማ ባቷን ያዘች። አውቀዋለሁ ያንን ባት። ወደቀች። አምበሏ ሮጣ መጥታ ተንበረከከች፣ የልጄን ተረከዝ ሆዷ ላይ አስደግፋ ጣቶቹን ወደ ኋላ ገፋች፣ በሌላው እጇ ባቷን አሸችላት፤ ልክ እኔ እንደማደርገው፣ ከታች ወደ ላይ። ልጄ ጥርሷን ነክሳ ሰማይ ሰማይ ታያለች። አምበሏ ምን እንደምትላት አልሰማሁም። የምትስቅ ይመስለኛል።

ከሜዳው በላይ ያለው ጉብታ ላይ ስድስት ሰባት ጎረምሶች ተቀምጠዋል።

«ኧረ ቀስ፣ ሰው አለ!» አለ አንዱ።

«ተዋቸው፣ ጫጉላ ላይ ናቸው።»

ሳቁ። አንዱ ስልኩን አንስቶ ይቀርጻል። ከሰው መካከል ዝም በሉ ያላቸው አልነበረም፤ እኔም አላልኩም።

ኋላ ጎል ገባ፤ ያገባችው ልጄ አይደለችም፤ አንዲት ቀጭን ልጅ ነች። ሁሉም ሮጠው ተከመሩባት። እዚያ ሆኜ ሳየው ቪዲዮው ያላሳየውን አየሁ። ስልኩ አንድ መሳም ቆርጦ ነው ያወጣው። ሜዳው ላይ ግን እጅና እግሩ የማን እንደሆነ አይለይም፤ አንዷ ታለቅሳለች፣ አንዷ የሌላዋን ጆሮ ትጎትታለች። በረኛቸው ሩቅ ስለሆነች መድረስ አልቻለችም፤ ብቻዋን የጎሉን ብረት አቅፋ ሳመችው። ከዚያ ያለፈ የልጄ ልብ ውስጥ ያለውን ፈጣሪ ያውቃል። እኔ አንድ ጊዜ ልጠይቅ ሞክሬ አቅቶኛል፤ ከዚያ ወዲያም አልጠየቅኩም።

ጨዋታው ሲያልቅ አሰልጣኙ በጨዋታው ቅንድቧ የተፈነከተ አንዲት ልጅ ይዞ በሌላ መንገድ ወደ ክሊኒክ ሄደ። ከልጄ ሌላ የቀሩት ልጆች ዘጠኝ ነበሩ። ልጄ ስታየኝ ደነገጠች፣ ግን ክንዴን ያዘችኝ። አብረን ወጣን። ወደ ላይ የሚያወጣው መንገድ አንድ ቦታ ላይ ይጠባል፤ በአንድ በኩል የግንብ አጥር ነው፣ በሌላው ወንዙ ያለበት ገደል። እዚያ ስንደርስ ጎረምሶቹ ቀድመውን ቆመዋል።

«ማዘር፣ አንቺ እለፊ» አለኝ ከፊት ያለው። ጥርሱ ውስጥ ስንጥር ይዟል። «ከአንቺ ጋር ጸብ የለንም።»

«ሌሎቹም ይለፉ» አለ ሌላው። «ሁለቱን ነው። ትንሽ እንመክራቸዋለን።»

«ምን ብላችሁ ነው የምትመክሩት?» አለች በረኛዋ።

«ወንድ ምን እንደሚመስል እናሳያቸዋለና።»

ሳቁ። ሳቃቸው ሳያልቅ ድንጋይ መጣ፤ አምበሏን ትከሻዋ ላይ መታት። አልጮኸችም። ይህች ልጅ ቀን ቀን ሕንፃ ላይ አሸዋ ትሸከማለች። በአንድ እጇ ልጄን ወደ ኋላዋ ገፋቻት፣ በሌላው ደግሞ እኔን። መዳፏ ሆዴ ላይ አረፈ፤ ሻካራና ሙቅ ነው። ልጆቹ ከኋላ ተጠጉብን፣ ትንፋሻቸው አንገቴ ላይ ይሰማኛል። ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም፤ ሁለት ጎረምሶች በዚያም በኩል መጥተዋል። አንዱ ዱላ ይዟል።

ተንበረከክኩ። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የተንበረከክኩት አስቤበት አይደለም፣ መቆም አቅቶኝ ነው። እጄ ግን መሬት ላይ ሲያርፍ ሳር ነካ፤ ከግንቡ ሥር ክረምቱ ያበቀለው እርጥብ ሳር። ያን ጊዜ ነው የመጣልኝ። በእኛ አገር ሰው ሊጋደል ሲል ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው በመካከል ይንበረከካሉ። ሳር የያዘን ሰው ረግጦ የሚያልፍ የለም። ጎሜ ነው፤ ጎሜ ማለት ደግሞ አንተን ቢስትህ ልጅህን የማይስት እርግማን ነው። የሚይዙት ወንዶች ናቸው፣ ያውም የተከበሩ ወንዶች። ሴት ይዛ አይቼ አላውቅም። ሁለት እጄን ሞልቼ ነቀልኩ፤ ሥሩ ከነጭቃው መጣ። ከፍ አድርጌ ያዝኩት።

«ማዘር፣ ምን ሆነሽ ነው?» አለ ባለ ስንጥሩ። «ለከብት ነው?»

አልመለስኩለትም። የሚይዘው ሰው ብዙ አያወራም። «በእናታችሁ» ብቻ አልኩ።

አንድ እርምጃ መጣ። ሁለተኛውን ሲያነሳ ከኋላው ያለው ልጅ ሹራቡን ይዞ ጎተተው። ኮፍያውን እስከ ዓይኑ አውርዶ ስለነበር እስከዚያ አላወቅኩትም። ለባለቤቴ ወንድም ክር የሚያጠነጥንለት ልጅ ነው። ቤቴ ስንት ጊዜ በልቷል።

«አትራመድ» አለው።

«ለምን?»

«አትራመድ አልኩህ። ሳር ይዛለች።»

«ታዲያ ሳር ነዋ።»

«በቃ አትራመድ። አታውቀውም አንተ።» ሹራቡን አልለቀቀውም። «እኔ የለሁበትም። እናንተም ብትሰሙኝ ይሻላል።»

ከመካከላቸው ሌላ አንድ ልጅም ድንጋዩን ጣለ፤ እሱም የእኛው የሸማኔ ልጅ ነበር። ባለ ስንጥሩ ግራ ገባው። የቀሩት አይገባቸውም፣ ግን የጓደኞቻቸው ፊት አስፈራቸው መሰለኝ። «አቦ፣ ደግሞ ድግምት ጀመሩ» አለ፤ እንደ መሳቅ ብሎ ስንጥሩን ተፋ። ከግንቡ ጎን ተጠጉ። ልጆቹ አንድ በአንድ አለፉ፤ ልጄ አለፈች፤ አምበሏ መጨረሻ ላይ ከብብቴ ይዛ አነሳችኝና አለፍን። ማንም አልነካንም። እስከ አስፋልቱ ድረስ ልጆቹ ከበውን ሄዱ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው። ያን ጊዜ ማን ያያል አላልኩም።

እኛ ግቢ ከመድረሳችን ያ ኮፍያ ያደረገው ልጅ በአቋራጭ ሮጦ ቀድሞን የሆነውን ሁሉ ተናግሮ ኖሯል። የሸማኔዎቹ ሁሉ ታላቅ የሆኑት ሽማግሌ ግቢያችን ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ይሰማል። የባለቤቴ ወንድም አጠገባቸው ቆሟል። ባለቤቴም ወጥቷል።

«ሴት ሳር አትይዝም» አለ የባለቤቴ ወንድም ገና ሳንቀመጥ። «ይሄ ራሱ ጎሜ ነው።»

«ማን ከለከላት?» አሉ ሽማግሌው።

«አባባ፣ ተደርጎ አያውቅማ።»

«ወንዶች ባሉበት ነው ያልተደረገው። አንተ የት ነበርክ?»

ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካከለ።

«አንተስ?» አሉት ባለቤቴን። እሱ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ፤ ይህን ሲያደርግ አይቼው አላውቅም።

ሽማግሌው ልጄን አስጠሯት። መጥታ ፊታቸው ቆመች፣ ጭቃዋ ገና አልደረቀም። «እኔ ይሄን የእግር ነገር አላውቅም» አሏት። «ስልኩንም አላየሁም፣ ማየትም አልችልም። ግን እናትሽ ሳር ይዛልሻለች። ሳር የተያዘለትን ሰው ማንም ከቤቱ አያወጣውም፤ በዱላም አያወጣው፣ በጋብቻም አያወጣው።» ወደ ባለቤቴ ወንድም ዞሩ። «ሰኞ ያልከው ቀርቷል።»

«እሺ አባባ» አለ። ደስ ብሎት አይደለም፤ ግን አለ። እኛ ዘንድ ለእሳቸው እሺ ተብሎ ኋላ አይካድም።

ከሰዓት በኋላ የሁለቱን የሸማኔ ልጆች አባቶች አስጠሩ። አባቶቹ ልጆቻቸውን ይዘው መጡ። ኮፍያ ያደረገው ልጅ ቪዲዮውን መጀመሪያ ያወጣው ማን እንደሆነ ተናገረ፤ ያው ባለ ስንጥሩ ነበር። አባትየው ልጁን አስከትሎ ወደ ባለ ስንጥሩ አባት ቤት ሄደ። አመሻሹ ላይ ጎረቤቴ ስልኳን ይዛ መጥታ ቪዲዮውን ፈለገችው፣ አጣችው። የተቀባበሉት ሰዎች ስልክ ላይ ይኖር ይሆናል። ሁለቱ የሸማኔ ልጆች ግን በአባቶቻቸው ፊት፣ በሽማግሌው ፊት፣ ዳግም መንገዳችን ላይ እንደማይቆሙ ማሉ። ባለ ስንጥሩም የራሱ አባት አምጥቶት በር ላይ ይቅርታ አለኝ፤ ዓይኔን ሳያይ ነው፣ ግን አለ።

ሁሉም ሲሄዱ ልጄ ባልዲ ውስጥ እግሯን ነክራ ተቀመጠች። ባለቤቴ ማንም ሳይነግረው ተነስቶ የግቢውን በር ዘጋና ብረቱን አሻገረበት፤ ተመልሶም ጉድጓዱ ውስጥ አልገባም፣ ከእኛ ጋር ቁጭ አለ። ጉልበቴ ተልጦ ይቆጠቁጠኛል። ውጭ ሰው ያልፋል፣ የሚያልፈው ግን ወደየቤቱ ነው። ማንም እኛን ብሎ አልመጣም። ልጄ ቤቷ ነች፤ ሰኞም፣ ከሰኞ በኋላም እዚሁ ነች። ደህና ነች። እኔም ደህና ነኝ።